ለድርጅታችን የሥነ ልቦና ባለሙያ ልንቀጥር ነው፤ ከምን እንጀምር? (ደብረ ብርሃን)

የባሶዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን በአንድ አነስተኛ አገር በቀል የበጎ አድራጎት ድርጅት የፕሮግራም አስተባባሪ ነኝ። የምንሠራው ከተፈናቃይ እናቶችና ልጆች ጋር ነው። አብዛኞቹ ከወለጋ የመጡ ናቸው። ከቻይና ካምፕም ከባቄሎም ይመጣሉ፤ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚኖሩም አሉ። የልብስ ስፌት ሥልጠና እንሰጣለን፣ የሕፃናት ማቆያ አለን፣ ትንሽ ንግድ ለሚጀምሩ መነሻ ገንዘብ እንሰጣለን።

የሥነ ልቦና ድጋፍ የምንለውን ሥራ እስካሁን የያዘችው ሶሻል ወርከራችን ናት። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ግን ደክማለች። ስፌት ላይ ሆና ድንገት መቀሷን አስቀምጣ ግድግዳ ግድግዳውን የምታይ እናት አለችን። ልጇ ሌሊት ሌሊት እየጮኸ የሚነሳባት አለች። አሁን ለጋሹ ለአንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ የአንድ ዓመት ደመወዝ ፈቅዶልናል፤ ሊታደስም ይችላል።

ምን ዓይነት ሰው እንፈልግ? ማስታወቂያው ላይ ምን ይጻፍ? ፈተናውስ እንዴት ይሁን? ቦርዳችን «የሳይኮሎጂ ዲግሪ ያለው ይበቃል» ብሏል። እኔን ግን ልቤ አልተቀበለውም። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ሳይካትሪ ነርስ

እህቴ፣ ልብሽ ትክክል ነው። የሳይኮሎጂ ዲግሪ ያለው ሁሉ የተጎዳ ሰው ይዞ መሥራት ይችላል ማለት አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪው በአብዛኛው ንድፈ ሐሳብ ነው። ከባለጉዳይ ጋር ተቀምጦ፣ ሥራውን የሚያይለት አስተማሪ ኖሮት የተለማመደ ጥቂት ነው። በክሊኒካል ወይም በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርስ የያዘ ግን ያንን ልምምድ አልፎበታል።

ሌሎቹንም ለቦርዱ አስረጂልኝ። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዛል፤ ለእናንተ ሥራ እሱን መቅጠር አያስፈልግም። እኛ የሳይካትሪ ነርሶች ሕመሙን እንለያለን፣ መድኃኒት እንከታተላለን፤ ረጅም የንግግር ሕክምና ላይ ግን ሁላችንም አልሠለጠንንም። ሶሻል ወርከር ሰውን ከቤቱ፣ ከቀበሌው፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር ታገናኛለች። አንዷ የሌላዋን ቦታ አትሸፍንም። ባለሙያ ተቀጠረች ብላችሁ ሶሻል ወርከሯን ብትቀንሱ ሁለቱንም ታጣላችሁ።

ከማስታወቂያው በፊት አንድ ሥራ አለ። ከሶሻል ወርከራችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ የያዘቻቸውን ጉዳዮች ለዩ። ስም አያስፈልግም። ስንቱ ኀዘን ነው? ስንቱ የፆታ ጥቃት ነው? ስንቱ ልጅ ነው? ራሷን ለማጥፋት ያሰበች አለች? ሕመም ኖሮባት መድኃኒት ያቋረጠችስ? ከግማሽ በላይ ልጆች ከሆኑ ከልጆች ጋር የሠራ ሰው ያስፈልጋችኋል። አዋቂ ሲያማክር የኖረ ሰው ልጅ ፊት ሲቀመጥ እጁ ይታሰራል። የሚበዛው የፆታ ጥቃት ከሆነ ሴት ባለሙያ ብትሆን ይሻላል።

ጣርማበር

እኔ እንኳ በዚህ አልስማማም። በ2013 አጣዬ ከተቃጠለች በኋላ ኤፍራታና ግድም ላይ እሠራ ነበር። አንድ ባለሙያ ከአዲስ አበባ አመጣን። ጥሩ ሰው ነው፣ ዐዋቂ ነው። ግን አንድ ሰው በቀን ከአምስት ከስድስት ሰው በላይ በቅጡ መስማት አይችልም። በር ላይ የሚጠብቀው ሌላ ነው። ኮንትራቱ ሲያልቅ ሄደ፤ ዕውቀቱም አብሮት ሄደ።

የዓለም ጤና ድርጅት ፒኤም ፕላስ የሚባል አጭር ዘዴ አዘጋጅቷል። 5 ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ በሳምንት አንዴ፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ ያህል። የመጀመሪያው ቀን ጭንቀትን በአተነፋፈስ ማረጋጋትን ያስተምራል። ከዚያ ሊፈታ የሚችል ችግር መርጦ ደረጃ በደረጃ መፍታት፣ ከተውት የዕለት ሥራ በጥቂቱ መመለስ፣ ሰው ማስጠጋት እያለ ይቀጥላል። የተዘጋጀውም የሥነ ልቦና ትምህርት የሌለው ሰው ሠልጥኖ እንዲሰጠው ነው። በአንድ ማስተርስ ደመወዝ ከተፈናቃዮቹ መካከል ሁለት ሦስት የበሰሉ ሴቶች መቅጠር ትችያለሽ። ቋንቋውን፣ ሰዉን፣ መከራውንም ያውቁታል። ኮንትራት ሲያልቅ ጥለው አይሄዱም።

ሳይካትሪ ነርስ

ጣርማበር፣ ስለ ወረፋው ያልከው ልክ ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ። ግን ፒኤም ፕላስ ያለ ሱፐርቫይዘር፣ ማለትም ሥራቸውን እያየ የሚመክራቸው ባለሙያ ሳይኖር፣ አይሰጥም። ራሱን ለማጥፋት ላቀደ ሰው፣ ከእውነታ ለተለየ ሰው እንደማይሆንም መመሪያው ራሱ ይናገራል። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ለይቶ ወደ ሆስፒታል የሚልክ ማን ነው? ሴቶቹ የሰሙትን ይዘው ማታ ቤታቸው ሲገቡ እነሱንስ ማን ይሰማቸዋል? እነሱም እኮ የተፈናቀሉት ከዚያው ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይታሰብ። መጀመሪያ አንድ በደንብ የሠለጠነ ሰው። ከጥቂት ወራት በኋላ እሱ ወይም እሷ ሴቶቹን አሠልጥና በየሳምንቱ ትከታተላቸው። ይህ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ፤ «ማሠልጠንና መከታተል» ተብሎ። ያኔ ዕውቀቱ ከሰውየው ጋር አይሄድም።

ደግሞ የባሶዋ ልጅ፣ የያዛችሁትን ሥራ አታሳንሱት። በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ዓለም አቀፍ የአደጋ ጊዜ መመሪያ ሥራውን በአራት እርከን ይከፍለዋል። ከታች ደኅንነትና መሠረታዊ ፍላጎት፣ ቀጥሎ ቤተሰብና ማኅበረሰብ፣ ከዚያ ጣርማበር የሚለው ዓይነት ቀለል ያለ ድጋፍ፣ ጫፉ ላይ የባለሙያ ሕክምና ነው። ስፌቱም ማቆያውም የታችኞቹ እርከኖች ናቸው። የምትቀጥሩት ሰው በእነሱ ላይ ቆሞ ነው የሚሠራው።

ጋሽ ሒሳብ ሹም

እኔ የማውቀውን የገንዘቡንና የሕጉን ነገር ልበል፤ በኋላ ራስ ምታት የሚሆነው እሱ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። ውሉ ላይ ካልጻፋችሁት የለም። ጡረታ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ይከፍላል። ለጋሹ የፈቀደው ደመወዝ ይህን ያካተተ መሆኑን ዛሬውኑ ጠይቂ፣ ልጄ። በአዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ባለሙያዋ ባለጉዳዮችን በቀጥታ የምታገለግል ስለሆነ ደመወዟ በፕሮግራም ሥር ይያዝ። የሥራ ዝርዝሩ ላይ ይህ በግልጽ ካልተጻፈ ኦዲተር ይጠይቃችኋል።

ከደመወዙ ሌላ ለሱፐርቪዥን የሚከፈል፣ የስልክ ካርድ፣ ወደ ሆስፒታል ለሚላክ ሰው የትራንስፖርት፣ ቁልፍ ያለው የፋይል ሳጥን፣ ለብርዱ ማሞቂያ ያዙ። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ጠዋት እጁ የደነዘዘ ሰው አይናገርም።

የይፋት ልጅ

ይህን ክር ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ተምሬ በዞናችን አንድ ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁ። ስሙ ይቅር። ለምን እንደለቀቅሁ ልንገራችሁ፤ ምናልባት ለምትቀጥሩት ሰው ይጠቅም ይሆናል።

የተሰጠችኝ ክፍል ከሒሳብ ክፍሉ በቺፑድ የተከፈለች ነበረች። ገንዘብ ያዧ ሳንቲም ስትቆጥር ይሰማኛል። እኔ ከሰማኋት እሷም ትሰማናለች። አንዲት እናት ልትናገር አፏን ከፍታ ግድግዳውን አየች። ዘወር ብላ እኔን አየች። ከዚያ «ደኅና ነኝ፣ ዘይትና ዱቄት ይሰጣሉ ብለውኝ ነው» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ተመልሳም አልመጣች። መጠበቂያው ወንበር ደግሞ መዝገብ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ለምን እንደመጣ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

ሁለተኛው፣ የእርዳታ ቀን ሲሆን ብርድ ልብስ አድይ እባላለሁ። እጥረት ስላለ አንዷ ታገኛለች አንዷ አታገኝም። ትናንት እየነገረችኝ ያለቀሰች ሴት ዛሬ ስሟን ከዝርዝር የማጣው እኔ ሆንኩ። ከዚያ በኋላ እንዴት ትመነኝ? ባለሙያውን እርዳታ ከሚሰጥና ከሚከለክል ሥራ ለዩት። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

ሦስተኛው አለቃዬ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይጨነቃል። ግን «እከሌ ምን አለችሽ?» ይለኛል። ለጋሽ ሲመጣ ደግሞ «አንዷን ጥሪልንና ታሪኳን ትንገራቸው» ይለኛል። እምቢ ስል አልተባበረችም ተባልኩ። ውሉ ላይ ምስጢር የሚጠበቀው ከማን ከማን እንደሆነ ይጻፍ። ከሥራ አስኪያጁም ጭምር ተብሎ ይጻፍ። የሚወጣው መቼ ብቻ እንደሆነም ይጻፍ፦ ሰውየዋ ራሷን ልትጎዳ ስትል፣ ሌላ ሰው ልትጎዳ ስትል፣ ልጅ ላይ ጉዳት ሲደርስ። ባለጉዳይዋም ይህን ከመጀመሪያው ቀን ትወቅ። ሪፖርት የሚያስፈልገው ለጋሽ ቁጥር ይበቃዋል።

አራተኛው፣ ብቻዬን ነበርኩ። የምሰማውን የምነግረው ባለሙያ አልነበረኝም። ማታ እህቴ እራት ስታቀርብ እንኳ የሴቶቹ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር። መልቀቂያ ስጽፍ ሥራውን ጠልቼው አልነበረም። አሁንም እወደዋለሁ።

የባሶዋ ልጅ

የይፋት ልጅ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኛም ቢሮ በቺፑድ ነው የተከፈለው። ከማቆያው ጓሮ አንዲት የብሎኬት ክፍል አለች፤ አሮጌ የስፌት መኪና ነው የተከማቸባት። ዛሬ ገብቼ አየኋት። መግቢያዋ በሕፃናቱ በር በኩል ስለሆነ የሚያይ ሰው ልጇን ልታመጣ ነው ይላል እንጂ ሌላ አይጠረጥርም። ነገ እናስለቅቃታለን። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ክረምት ላይ ይጮኻል፤ ኮርኒስ እናሠራለታለን።

ሱፐርቪዥኑን ግን ከየት ነው የማመጣው? ቦርዱም «ምስጢር ከሥራ አስኪያጅ ይደበቃል እንዴ?» ማለቱ አይቀርም።

ሳይካትሪ ነርስ

ሱፐርቪዥኑ እዚያው ቅርብሽ አለ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለው። ደብዳቤ ጻፊና የአንድ መምህር ሰዓት በወር ሁለት ጊዜ ጠይቂ። የንግግር ሕክምናውን የሚያውቅ ሰው ካላገኘሽ አዲስ አበባ ያለ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት በስልክ ወይም በቪዲዮ መከታተል ይችላል። 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን በየሩብ ዓመቱ መጥቶ ማየትም ይችላል። ከሐኪም ግዛው ሆስፒታል ጋር ደግሞ የሪፈር ስምምነት አስቀድማችሁ ተፈራረሙ። ባለሙያዋ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ለማን እንደምትደውል ስሙንና ስልኩን ትያዝ።

ለቦርዱ ይህን በይ፦ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣት ያስቀጣል፤ ሐኪምን፣ ነርስን፣ ጠበቃን ይጠቅሳል። የእናንተ ባለሙያ በስም ባትጠቀስ እንኳ በዚያው ልክ ያዙት። ሐኪም ቤት ሄደው ሐኪሙ የነገሩትን ለአለቃው ቢነግርባቸው ደስ ይላቸዋል ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው።

መልማይ

እኔ የሰው ኃይል ሥራ ላይ ነኝ። ስለ ፈተናው ልጨምር።

ለእንዲህ ያለ ሥራ «ራስህን አስተዋውቅ፣ ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው» አይበቃም። ከኛ ጋር አንዲት የሠለጠነች ባልደረባ ባለጉዳይ ሆና ትገባለች። ታሪኩ ተጽፎ ተሰጥቷታል። «እንቅልፍ የለኝም፣ ልጄን እመታዋለሁ፣ ከዚያ አለቅሳለሁ» ትላለች። አመልካቹ ሃያ ደቂቃ ከእሷ ጋር ይቆያል፤ እኛ ጥግ ይዘን እናያለን።

አብዛኛው አመልካች ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ምክር ይጀምራል። «አይዞሽ፣ ጊዜ ይሽረዋል፣ ልጆችሽን አስቢ» ይላል። ሲቪው ያማረ፣ ሰርተፍኬቱ የተደረደረ ሰው ጭምር። አንዲት ልጅ ግን ገባች፤ ወንበሯን ትንሽ ዘወር አደረገች፤ ፊት ለፊት እንዳትፋጠጣት። «ዛሬ ልጅሽን ለማን ትተሽ መጣሽ?» አለቻት። ባልደረባችን የተሰጣትን ታሪክ ረስታ የራሷን ነገር መናገር ጀመረች። ልጅቷም ነቃች። «ይህ የፈተናው ነው ወይስ ያንቺ?» ብላ ቀስ አድርጋ አቆመቻት። እሷን ቀጠርናት።

ከዚያ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንዲት ሴት ልትሞት እንደምትፈልግ ብትነግርሽ ያኔውኑ ምን ትያለሽ? በቀጥታ የማይጠይቅ ሰው አይሆንም። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣባትም። ሁለተኛ፣ አልችልም ብለሽ ለሌላ የላክሽው ጉዳይ አለ? ሁሉን እችላለሁ የሚል ያስፈራኛል። ሦስተኛ፣ ራስሽን እንዴት ትጠብቂያለሽ?

ከፖሊስ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ፣ የትምህርት ማስረጃውን ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ ማጣራት፣ ከቀድሞ አለቃ ጋር በስልክ መነጋገር፣ እነዚህ አይዘለሉም። ልጆች ያሉበት ግቢ ነው። የዘመድ ልጅ ናት ተብሎ የሚመጣ ካለ ደግሞ እንደ ማንም ይፈተን።

ዲያቆን ዘሞጃ

ስለ ፀበሉም ይታሰብ። የኛ አገር ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚሄደው ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ነው። የምትቀጥሩት ባለሙያ ይህን ንቆ የሚናገር ከሆነ በሁለተኛው ቀን ሰው አይመጣለትም። በሌላ በኩል መድኃኒቷን ጥላ ፀበል የገባች እህትም አውቃለሁ፤ በጣም ተጎድታለች። ቅዱስነታቸው አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ፀበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ለአእምሮ ሕመምም እንዲሁ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለሙያው የንስሐ አባቶችን በየደብሩ ሄዶ ይተዋወቅ። አባቶች «መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ ተጠመቂ» ካሉ ከማንም በላይ ይሰማሉ። ሙስሊም እናቶች ካሏችሁም ከኢማሞቹ ጋር እንዲሁ።

የጊዳ ልጅ

እኔ ከጊዳ አያና ተፈናቅለን ከመጣን ሰዎች ነኝ። ስለኛ ስትነጋገሩ አይቼ ነው። ለምትቀጥሯት ሰው አንድ ነገር ንገሩልኝ። በመጀመሪያው ቀን የሆነውን አታስነግረን። ለመዝገብ ነገርን፣ ለእርዳታ ነገርን፣ ለጋዜጠኛ ነገርን። እናቴ አሁን ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ሲመጣ ካየች ተነሥታ ውጭ ትወጣለች። እሷ የምትፈልገው ሌሊት መተኛት ነው። ከእሱ ይጀመርላት። የቀረውን ስትፈልግ ራሷ ትናገራለች።

ደግሞ በየወሩ ሰው አይቀያየርብን።

ጣርማበር

የጊዳ ልጅ፣ እህቴ፣ ሰምተንሻል። እናትሽን እግዚአብሔር ያጽናልሽ። እኔም ሐሳቤን አስተካክያለሁ፤ መጀመሪያ ባለሙያ፣ ከዚያ የአካባቢ ሴቶች። ግን ሁለተኛው እንዳይረሳ አደራ።

የባሶዋ ልጅ

ማስታወቂያውን በናንተ ምክር እንዲህ ጻፍኩት። ቀይ እስክሪብቶ አንሡና እዩልኝ።

«የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ብዛት አንድ፣ ሴት ብትሆን ይመረጣል። በክሊኒካል ወይም በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርስ። ከልጆችና ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ጋር በተግባር የሠራች። የሥራ ቦታ ደብረ ብርሃን። ሥራው፦ በግልና በቡድን ማማከር፣ ከባድ ጉዳይን ለይቶ ወደ ሆስፒታል መላክና መከታተል፣ ከስድስተኛው ወር ጀምሮ አራት የማኅበረሰብ አባላትን ማሠልጠንና በየሳምንቱ መከታተል። ባለሙያዋ በእርዳታ ዕደላና በተጠቃሚ ምርጫ አትሳተፍም። ድርጅቱ ምስጢር የሚጠበቅበት የራሷ ክፍልና በወር ሁለት ጊዜ ሱፐርቪዥን ያቀርባል። ኮንትራት አንድ ዓመት፣ ሊታደስ የሚችል። ፈተናው የተግባር ነው።»

የይፋት ልጅ

«አትሳተፍም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሳይ ዕንባዬ መጣ። ማንም እንዳያስወጣው።

ሳይካትሪ ነርስ

ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ጨምሪ። ኦሮምኛ መናገር የምትችል ይመረጣል በይ። በዞናችን ኦሮምኛ ተናጋሪ ብዙ ነው፤ ከወለጋ የመጡት መካከልም በሁለቱ ቋንቋ ያደጉ ልጆች አሉ። ሁለተኛ፣ በቀን የሚታይ ሰው ከአምስት እንዳይበልጥ ውሉ ላይ ይግባ። ካልተጻፈ የበሩ ወረፋ ይወስነዋል።

ጋሽ ሒሳብ ሹም

የደመወዙን መጠን ጻፊ፣ ልጄ። «በስምምነት» ብለሽ ብትለጥፊው ከአዲስ አበባ ሥራዋን ትታ ልትመጣ የምታስብ ሰው አታመለክትም። የቤት ኪራይ አበልም ካለ ይጻፍ፤ እዚህም ኪራይ ንሯል።

የባሶዋ ልጅ

ቋንቋውን፣ የሰው ቁጥሩን፣ ደመወዙን ጨመርኩ። የጡረታውን ጉዳይ ለጋሹን ጠይቄ ነበር፤ በደመወዙ ላይ ተጨማሪ ሆኖ ይከፈላል ብለውኛል። ማክሰኞ ቦርዱ ይሰበሰባል። ካጸደቁት ረቡዕ በቴሌግራም፣ በዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ሰሌዳና በጋዜጣ ይወጣል። መልማይ፣ ለፈተናው ቀን ባለጉዳይ ሆና የምትገባውን ሰው በማሠልጠን ብታግዘን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

መልማይ

ጽፌልሻለሁ። አንድ ነገር ግን፦ ከተፈናቃዮቹ መካከል ማንንም ለዚህ እንዳታስገቢ። ከሌላ ቢሮ የሆነች ሰው እፈልግልሻለሁ።